ስኳርዎ «ጫፍ ላይ ነው» ከተባሉ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከ60 ካለፈ ሰዎች ወይም ከልጆቻቸው ናቸው። ታሪኩ ይመሳሰላል፤ ምርመራ ይደረጋል፣ «ስኳርዎ ከፍ ብሏል፣ ግን ገና በሽታ አልሆነም» ይባላል፣ ከዚያ ቤተሰቡ ሁሉ ይረበሻል። ቅድመ ስኳር የሚባለው ይሄ ነው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት መለኪያ በባዶ ሆድ ሲለካ በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም ስኳር፣ ወይም ኤ ዋን ሲ በሚባለው የሦስት ወር አማካይ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የባዶ ሆዱን ከ110 ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ 104 ያለው ሰው አንዱ ጋ «ተጠንቀቅ»፣ ሌላው ጋ «ደህና ነህ» ሊባል ይችላል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የ66 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። በባዶ ሆድ 112፣ የሦስት ወሩ 6.1 ተባልኩ። ደንግጬ እራት አቆምኩ፣ ዳቦም ሩዝም እርግፍ አድርጌ ተውኩ። ኪሎዬ ቀንሷል፤ አሁን ግን ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ልቀጥልበት?

መልስ፦ አይቀጥሉ። እባክዎ እራትዎን ዛሬውኑ ይመልሱ። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚቀበለው ጡንቻ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ በራሱ ጊዜ እየሳሳ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ ረሃብ ሲጨመርበት የሚቀንሰው ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል። የጉልበትዎ መክዳት ከዚህ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪምዎ ይንገሩ። ጡንቻ ሲያንስ ደግሞ ስኳሩን የሚወስደው ይጠፋል፣ ስለዚህ በረሃብ የተገኘው ውጤት ብዙ አይዘልቅም።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር ልንገርዎት። በ2002 ውጤቱ የታተመው ትልቁ የአሜሪካ የስኳር መከላከል ጥናት ከ3,200 በላይ ሰዎችን ያቀፈ ነበር። አመጋገባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን ያስተካከሉት ወደ ስኳር በሽታ የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ላይ ሲታይ ደግሞ 71 በመቶ! ከወጣቶቹ በለጡ ማለት ነው። የተሰጣቸው ግብ ትርፍ ክብደት ስለነበራቸው 7 በመቶውን መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ ያውም ቀስ በቀስ።

ዳቦውንም ሩዙንም ይብሉ፣ ግን የሳህኑን ሩብ ብቻ ይያዝ። ግማሹ አትክልት ይሁን፣ ቀሪው ሩብ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ሥጋ። ሲበሉ ከአትክልቱና ከፕሮቲኑ ይጀምሩ፣ ዳቦው መጨረሻ ይምጣ፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ እንኳ ከምግብ በኋላ ያለውን የስኳር ከፍታ ያለዝባል። በዕድሜ ለገፋ ሰው ፕሮቲን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመከራል። ኩላሊትዎን የሚያምዎ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ቤትዎ ውስጥ ይጀምሩ። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ያስደግፉና ጫፉ ላይ ይቀመጡ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ቀስ ብለው ይነሱ፣ ከዚያ ከተነሱበትም ቀስ ብለው ይቀመጡ፤ ዘጭ ማለት የለም፣ ጡንቻው የሚሠራው ሲወርዱም ጭምር ነውና። ካቃተዎት በእጅዎ ይደገፉ። የቻሉትን ያህል ይሥሩ፣ አረፍ ብለው ይድገሙት።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ቅድመ ስኳር ከተባለች ወዲህ ስኳሩን በማር ተክተንላታል፣ ፍራፍሬ ደግሞ ከልክለናታል። ባለፈው ተደብቃ ብርቱካን ስትበላ አገኘኋትና ተጣላን።

መልስ፦ እህቴ፣ ነገሩ ተገላብጦባችኋል። ማር ስኳር ነው፤ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያመጣው ለውጥ ያን ያህል አይራራቅም። የምትቀንሱት እሱን ነው፣ በአንዴ ሳይሆን ምላስ እስኪለምድ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ። ብርቱካኑን ግን ይብሉ! ሙሉ ፍራፍሬ ከነአሰሩ ሲበላ ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ጭማቂ ሲሆን አሰሩ ይቀርና የሦስትና የአራት ብርቱካን ስኳር በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል፤ መከልከል ካለበት ጭማቂው ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እናትሽ ተደብቀው የሚበሉበት ቤት አይሁን። ምግብ የሚደብቅ ሰው ነገ ሕመሙንም ይደብቃል። ቁጭ ብላችሁ ምን እንደሚወዱ፣ ምንን መተው እንደሚከብዳቸው ጠይቂያቸው፤ የቀረው ቤተሰብም ያንኑ ምግብ ይብላ።

ጥያቄ፦ ማታ በጊዜ በልቼ ነው የምተኛው። ታዲያ ጠዋት ስለካ ስኳሩ ለምን ከፍ ይላል?

መልስ፦ ከጉበት ነው። ሌሊት ሰውነት እንዳይራብ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ይለቃል፣ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ የሚያነቁን ሆርሞኖች ያንን ይጨምሩታል። የእንቅልፍ ማጣትም ያባብሳል። ከእራት በኋላ ሶፋ ላይ ከመዘርጋት ለ15 ደቂቃ ይራመዱ። በ2013 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፣ ስኳራቸው ጫፍ ላይ ያለ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ለ15 ደቂቃ መራመድ በተለይ ከእራት በኋላ ያለውን ስኳር በደንብ አውርዶላቸዋል።

ጥያቄ፦ 70 ዓመቴ ነው። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ብዙ መራመድ አልችልም። ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን እወስዳለሁ።

መልስ፦ መድኃኒቱ ራሱ ስኳር ከፍ ያደርጋል። በራስዎ ግን እንዳያቋርጡት፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ላዘዘልዎት ሐኪም ስለ ስኳሩ ይንገሩ፣ መጠኑን እሱ ያስተካክላል። እንቅስቃሴውን ተቀምጠውም መሥራት ይቻላል፦ ወንበር ላይ ሆነው እግርዎን አንድ በአንድ ቀጥ አድርገው ያንሱ፣ ትንሽ ያቆዩት፣ ያውርዱ። በእጅዎ ደግሞ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ያንሱ።

ጥያቄ፦ 79 ዓመቴ ነው፣ የሦስት ወሩ 5.9 ተባልኩ። በዚህ ዕድሜ ልጨነቅ?

መልስ፦ አይጨነቁ አባቴ። በ2021 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በእርስዎ ዕድሜ ገደማ ያሉ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር፤ ወደ ስኳር በሽታ ከተሻገሩት ይልቅ ወደ ጤናማው መጠን የተመለሱት በልጠው ተገኝተዋል። በደንብ ይብሉ፣ ይንቀሳቀሱ፣ በዓመት አንዴ ይመርመሩ። የደም ማነስ ካለብዎ የሦስት ወሩ ውጤት ሊያሳስት ስለሚችል የባዶ ሆዱንም ያሠሩ። ውሃ ጥሙ ከበዛ፣ ሽንት ካመላለሰዎት ወይም ሳይፈልጉ ኪሎ ከቀነሱ ግን ዓመቱን አይጠብቁ፣ ሰሞኑን ይሂዱ።