16 ኮር ሰጥቼው ለምን አልፈጠነም?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። በራዳር ብዙ ኢላማዎችን የሚከታተል ፕሮግራም ጻፍኩ። ከ1 ኮር (የፕሮሰሰር አንድ የስሌት ክፍል) ወደ 16 ኮር ሳሸጋግረው ግን ፍጥነቱ እጥፍ እንኳ አልሞላም። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ምንም አላጠፋህም ወዳጄ፣ የስራው ጠባይ ነው። ኢላማው አሁን የት እንደደረሰ መገመት፣ ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ፊልተር የሚባል የስሌት ዘዴ ማለቴ ነው፣ ለእያንዳንዱ ኢላማ ለብቻው ስለሚሰላ ለኮሮቹ ብታከፋፍለው እሰየው ነው። ጣጣው ማዛመዱ ላይ ነው። ራዳሩ ካያቸው ነጥቦች የትኛው የየትኛው ኢላማ ነው? 10 ነጥብና 10 ኢላማ ብቻ ቢኖርህ አንድ ለአንድ የማጣመሪያው መንገድ 3,628,800 ይደርሳል! የሃንጋሪ ዘዴ የሚባለው ሁሉንም ሳይሞክር ምርጡን ያገኛል፤ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ከእያንዳንዱ ኢላማ ምን ያህል እንደሚራራቅ የያዘውን ሰንጠረዥ በሙሉ አንድ ላይ ማየት ስላለበት፣ አንድ ኮር ላይ ከሮጠ ሌሎቹ 15ቱ ስራ ፈትተው ይጠብቁታል። የአምዳል ህግ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ ከስራው ግማሹ በተራ የሚሰራ ከሆነ ሺህ ፕሮሰሰር ብትደረድርም ከእጥፍ አታልፍም።

እኔ ብሆን ከተገመተው ቦታ በጣም የራቁትን ነጥቦች ቀድሜ እጥላለሁ። ያኔ ትልቁ ሰንጠረዥ እርስ በርስ ወደማይነካኩ ትንንሽ ቡድኖች ይሰባበራል፣ እነሱን ለየኮሩ ማደል ትችላለህ። ኢላማዎቹ ተጠጋግተው ሲሄዱ ግን ቡድኖቹ መልሰው ይቀላቀላሉ፣ ስለዚህ ፍጥነቱን በተጨናነቀ ሰማይ ላይ ለካው።