ወጡ ላይ ጨው ትቻለሁ፣ ግፊቴ ለምን አልወርድ አለ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው። ለግፊት ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። ወጥ ላይ ጨው መጨመር ከተውኩ ሦስት ወር ቢሆነኝም ሲለካ አሁንም 150 በ95 ነው። ጎረቤቶቼ «ቡና ተዪ፣ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ጠጪ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሽሮዎና በርበሬዎ ሲሰናዳ ጨው ገብቶበታል? በብዙ ቤት ከኮረሪማውና ከበሶብላው ጋር አብሮ ይፈጫል። ዛሬ ከዕቃው ቆንጠር አድርገው ደረቁን ሽሮ ምላስዎ ላይ ያድርጉት። ጨው ጨው ካለ፣ ድስቱ ላይ ባይጨምሩም ጨው መብላትዎን አላቆሙም ማለት ነው። ጾም ሲገባማ ሽሮው በየቀኑ ነው። ዳቦውን፣ ሚጥሚጣውንና ወጥ ላይ የሚፈረፈረውን የቅመም ኩብም ይቁጠሩት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ሁሉም ተደምሮ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ውሃ ይይዛል፤ በደም ሥር ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ ሲበዛ ግፊቱም ይጨምራል። ለቀጣዩ ሽሮና በርበሬ ጨዉን ይተዉትና ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ያብዙለት።

ጎመን፣ ምስር፣ ድንችና ሙዝ ፖታሲየም አላቸው፤ ኩላሊት ሶዲየምን እንዲያስወግድ ያግዛል። ነገር ግን «ሶዲየም የተቀነሰበት» እየተባለ የሚሸጠውን ጨው ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይግዙ። ብዙ ጊዜ በሶዲየሙ ምትክ የሚገባበት ፖታሲየም ነው፤ ኢናላፕሪል ደግሞ በራሱ ፖታሲየምን በሰውነት ያስቀራል። ከመጠን ሲያልፍ የልብ ምት ያዛባል። ኩላሊት የደከመ ከሆነማ ጎመኑና ሙዙም በምክር ነው።

ቡና ግፊትን ለጥቂት ሰዓት ከፍ ያደርጋል፤ የለመደው ሰው ላይ ግን ያን ያህል አይበረታም። አቦሉን አልከለክልዎትም። በጨው ከሆነ የሚጠጡት ግን ጨዉን ይተዉ። ከቡና በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይቆዩ አይለኩ፤ ከመለካትዎ በፊትም ለአምስት ደቂቃ ጀርባዎን ደገፍ አድርገው ዝም ብለው ይቀመጡ።

ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ይብሉት፤ የኪኒንን ቦታ ግን አይተካም። የሳምንት ልኬትዎን ጠዋትና ማታ ደብተር ላይ ጽፈው ለሐኪምዎ ያሳዩ። መጠኑ አንሶ ወይም ሌላ መድኃኒት መጨመር አስፈልጎ ሊሆን ይችላል። 180 በ120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።