የባክአፕ ፋይል ስም ላይ ሁለት ካላንደር አትቀላቅል

ወንድሜ፣ «የቤት ሰርቨሬን ኮንፊግ (ሴቲንጉን) ባክአፕ ሳደርግ (ቅጂ ሳስቀምጥ) ፋይሎቹን ምን ብዬ ልሰይም? ‹አዲስ›፣ ‹የመጨረሻ›፣ ‹የመጨረሻ አዲስ› እያልኩ ተምታታብኝ» ብለሃል። በዚሁ ነገር ሦስት ቀን ኢንተርኔት አጥቼበታለሁና ዝም ብዬ አላልፍህም። አንተም እንደኔ አንድ ማይክሮቲክ ራውተር፣ አንድ ራስበሪ ፓይ (ያቺ ትንሿ ኮምፒውተር) እና ያገለገለ ዴስክቶፕ ይኖርሃል ብዬ ልነሳ።

1. ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፍ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ 2023-10-01 እንደማለት። ዜሮዋን እንዳትዘላት። ከዘለልካት ተርሚናል (ትእዛዝ የምትጽፍበት ጥቁር ስክሪን) ላይ 10ኛው ወር ከ9ኛው በፊት ይሰለፍልሃል።

ይቺን ምክር በነፃ አላገኘኋትም። በእጄ የማወጣውን ባክአፕ በኛ አቆጣጠር ነበር የምሰይመው። ጳጉሜን 3 ያወጣሁት 2015-13-03 ይላል፤ 13ኛ ወር የሚያውቅ ፕሮግራም ፈልግ እንግዲህ! በኋላ በየሳምንቱ ራሱ ባክአፕ የሚያደርግ ስክሪፕት ጻፍኩ። እሱ ደግሞ የኮምፒውተሩን ቀን ይለጥፋል። አንድ ፎልደር ውስጥ ሁለት ካላንደር። ለወራት ምንም አልመሰለኝም።

ጥቅምት 2016 አንድ ማታ መብራት ሄደ። ሲመለስ በኃይል መጣና ራውተሩን በላው። በማግስቱ ያንኑ ሞዴል ገዛሁ። ባክአፕ ያለኝ ሰው ነኝ ብዬ ኮራ ብያለሁ። ፋይሎቹን ቴሌግራም ላይ ለራሴ እየላክሁ ነበር የማስቀምጠው (አንተ እንዳታደርገው፣ ውስጣቸው ፓስወርድ አለ)። በሞባይል ዳታ ላፕቶፕ ላይ አወረድኳቸው። በስም ተሰልፈው የመጨረሻው 2023-07-15 ይላል። እሱን ጫንኩ። መስመሩ አልገናኝም አለ።

ኢንተርኔት ወደሚያቀርብልኝ ድርጅት ቅርንጫፍ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ወረፋ። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «መስመሩ ይሠራል፣ ዕቃህን አስተካክል» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ኃላፊ ጥሩልኝ አልኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ ያችው ልጅ፣ ያው መልስ፣ ኃላፊውም ያው ስብሰባ ላይ። አነጋገሯ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ግን ልክ ነበረች።

በሦስተኛው ቀን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ የፋይሎቹን ዝርዝር እያየሁ፣ እህቴ ቡና ልታቀብለኝ መጥታ በትከሻዬ በኩል አየችው። ስለ ኮምፒውተር ምንም አታውቅም። «ይሄ 2016 የሚለው የዘንድሮ አይደል እንዴ?» አለች።

2016-01-20። መስከረም 20። በፈረንጁ ኦክቶበር 1፣ 2023። ስክሪፕቴ ለካ ሐምሌ ላይ ፍላሹ ሞልቶበት ቆሟል፤ አላየሁም። መስከረም ላይ የመስመሩ ፓስወርድ ሲቀየር ግን በእጄ አዲስ ባክአፕ አውጥቼ ነበር። እኔ የጫንኩት አሮጌው ፓስወርድ ያለበትን ነው። ትክክለኛው ፋይል በስሙ የሰባት ዓመት ሽማግሌ መስሎ ከላይ ተቀምጧል። ከቴሌግራም ስለወረዱ ደግሞ ላፕቶፑ የሚያሳየው የፋይሎቹ ቀን ሁሉ ያወረድኩበት ቀን ሆኗል። እዚያ ላይ ከስሙ ሌላ ቀናቸውን የሚለይልኝ ነገር አልነበረም። ፋይሉን ቀየርኩ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ኢንተርኔቱ መጣ።

2. ስለ ሰዓት። ሰዓት ካስገባህም በፈረንጁ አድርገው። የጠዋቱ 3 ሰዓት 0900 ነው። 0300 ብለህ ከጻፍክ ሌሊት 9 ሰዓት አደረግከው።

3. የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ጻፍ። ሊኑክስ (ፓዩ የሚሠራበት ሲስተም) አማርኛ ስም ይቀበላል፣ ግን ራስበሪ ፓዩ ተበላሽቶ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ስትቀር በምን ትጽፈዋለህ? ደግሞ እኔ «ሐምሌ» ብዬ አስቀምጬ «ሀምሌ» ብዬ ስፈልግ የለም ይለኛል። በሐመሩ ሐ እና በሃሌታው ሀ ስንት ጊዜ እንደበገንኩ!

4. ፎልደሩን በመሣሪያ ክፈል፦ ራውተር፣ ፓይ፣ ሰርቨር። በስሙ መጀመሪያ መሣሪያው፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ መጨረሻ ላይ ምክንያቱ። «ከአፕዴት በፊት» ወይም «አዲስ ፓስወርድ» የሚል ቃል በላቲን ብጨምር ኖሮ ያ ሁሉ ወረፋ ይቀርልኝ ነበር። «የመጨረሻ» የሚለውን ቃል እርሳው። የኛ ቀን ከናፈቀህ ፎልደሩ ውስጥ በማስታወሻ ፋይል ጻፈው፤ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ማይክሮቲክ ካለህ ሁለቱንም ዓይነት አውጣ። አንደኛው ለዚያው ዕቃ የሚሆን ዝግ ባክአፕ ነው። ሁለተኛው ኤክስፖርት የሚባለው፣ ከፍተህ የምታነበው ጽሑፍ ነው። የማይክሮቲክ ሲስተም ቨርዥን 7 ላይ ኤክስፖርቱ ካላዘዝከው በስተቀር ፓስወርዶችን አያወጣም፤ በኋላ ባዶ ሆኖ እንዳታገኘው።

አንድ ረስቼ ነበር፣ ፓዩ። ራስበሪ ፓይ 4 እና ከሱ በፊት ያሉት የሰዓት ባትሪ የላቸውም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንተርኔት ከሌለ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቶ ይነሳል። ስክሪፕትህ በዚያ ሰዓት ከሠራ የተሳሳተ ቀን ይለጥፋል። እኔ ሰዓቱ ከኢንተርኔት እስኪስተካከል እንዲጠብቅ አድርጌዋለሁ። ፍላሹ ሲሞላም መልእክት ይልክልኛል።

የራውተርህን ሞዴል ጻፍልኝና ስክሪፕቱን እልክልሃለሁ። ፓስወርዱን አጥፍቼ ነው ታዲያ።