በሰዓት 70 ዶላር የሚበላው ማን ነበር?

ስለ ማዳበሪያ ዋጋና ስለ ባጃጅ ታሪፍ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ቁጭ ባልኩበት ሶስት ደብዳቤ ስለ አሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች መጣልኝ። የመጀመሪያው ልጅ ጭቅጭቁን ስጋ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ያካሄደው መሰለኝ፣ ሌሎቹ ከሱ ነው የሰሙት። በቃ የዛሬው አምድ ለነሱ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ እኔ የመሐል ሜዳ መስመር የአይሱዙ ሹፌር ነኝ። አብሮ አደጌ እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ሆኗል፣ ከሆነ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ሰራተኛ ስንፍና ነው። ባለፈው "የአሜሪካን ትልልቅ የመኪና ካምፓኒዎች ያከሰራቸው ሰራተኛው ነው፣ በሰዓት 70 ዶላር ይበላ ነበር፣ መንግስት ደሞ የህዝብ ብር አውጥቶ አዳናቸው፣ መውደቅ ነበረባቸው" አለኝ። እኔ ብሩ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተመልሷል ብዬ ተከራከርኩት። አንድ ኪሎ ጥሬ ስጋ ተወራርደናል፣ ይፍረዱን።

መልስ፦ ወንድሜ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተም የጣርማበርን ጉም ጠንቀቅ በል።

ቁጥሯን እንያት። 70 ዶላር የምትባለው በ2008 መጨረሻ ላይ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ጋዜጣውም ሴናተሩም ሲቀባበላት የነበረች ናት። ከባዶ የመጣች አይደለችም፣ ግን ሰራተኛው ኪስ የምትገባ ብርም አይደለችም። የቆየ ሰራተኛ በሰዓት የሚያገኘው 28 ዶላር ገደማ ነበር፣ እዛ ላይ የትርፍ ሰዓቱን የእረፍት ቀኑን የህክምና ኢንሹራንሱን ምናምኑን ስትደምርለት 55 አካባቢ ትደርሳለህ። የቀረችዋ 15 እሱን አታውቀውም፣ ድሮ ሰርተው የወጡ ጡረተኞች ጡረታና ህክምና ናት፣ የሂሳብ ሰዎቹ ያንን ሁሉ እዳ ወስደው ዛሬ ቆሞ ብሎን ለሚያጠብቀው ሰውዬ ሰዓት ላይ አካፈሉትና ሰራተኛ በሰዓት 70 ያስወጣናል አሉ።

ይሄ ነገር ለኔ የገባኝ በሰፈራችን እድር ነው። ድሮ ጎረምሳ የሞላበት እድር ነበር፣ አሁን ልጆቹ ግማሹ አዲስ አበባ ግማሹ አረብ አገር ገቡና የቀረነው ሽማግሌዎች ነን፣ ሽማግሌ ደሞ ይሞታል። አምና ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ መዋጮ ይጨመር ሲል አንድ ጎረቤቴ ብድግ አለና "ድንኳኑ ያው፣ ብረት ድስቱ ያው፣ ንፍሮው ያው፣ ምን ተወደደና ነው?" አለ። ምንም አልተወደደም እኮ፣ ከፋዩ ነው ያነሰው! ጸሐፊው ዝም ብሎ የስም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቱ አሳየው፣ ግማሹ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል።

ጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ፣ ከአሜሪካ ሶስቱ ትልልቅ የመኪና ካምፓኒዎች አንዱ) ማለት ያ እድር ነው። በደህና ዘመኑ፣ በተለይ 1950 ላይ ዩኤደብሊው ከሚባለው የመኪና ሰራተኞች ማህበር ጋር በተፈራረመው ውል፣ ጡረታና ህክምና እየጨመረ ሄደ፣ ያኔ ሽያጩ ስለሚያድግ ማንም አልተጨነቀም። በኋላ ማሽኑ በዛ፣ ገበያው ተሸራረፈ፣ ሰራተኛው ቀነሰ፣ ጡረተኛው ግን አለ፣ ከሚሰራውም በብዙ እጥፍ በለጠ። እኛ አገር የግል ድርጅት ሰራተኛ ከሆንክ ካንተ 7 ከመቶ ከአሰሪህ 11 ከመቶ ተቆርጦ ወደ ጡረታ ፈንድ ይገባል፣ ካረጀህ በኋላ የሚጦርህ ፈንዱ እንጂ አሰሪህ አይደለም። እዛ ግን የካምፓኒው ጡረታና የጡረተኛው ህክምና የተንጠለጠለው እዛው ካምፓኒው ላይ ነበር። ሆንዳ ኦሃዮ መኪና መስራት የጀመረው በ1982፣ ቶዮታ ኬንታኪ ላይ በ1988 ነው፣ ያኔ ሰራተኞቻቸው አብዛኞቹ ገና ጡረታ አልወጡም ነበር፣ ሁሉም ጎረምሳ የሆነበት እድር በለው፣ ስለዚህ የነሱ ወጪ በሰዓት 45 አካባቢ ነበር።

55 እና 45 ያው አይደሉም ትለኛለህ፣ አዎ አይደሉም። ግን አንድ መኪና ለማውጣት ከሚወጣው ወጪ ውስጥ የሰራተኛው ድርሻ ከመቶ 10 ገደማ ነው፣ ሌላው ብረቱ ጎማው መለዋወጫው ማስታወቂያው ነው። ጂኤም በ2008 ብቻ ወደ 31 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ፣ ይሄን ያህል ጉድጓድ በደመወዝ አይቆፈርም። ትርፋቸው ያለው ትልልቅ ፒክአፕና ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ላይ ነበር፣ በ2008 ክረምት ቤንዚን ጋሎኑ 4 ዶላር ሲያልፍ ያንን የሚገዛ ጠፋ፣ ወዲያው ባንኮቹ ተናወጡና መኪና በብድር የሚገዛው ህዝብ ብድር አጣ። በ2007 አገሩ 16 ሚሊዮን መኪና ገዝቶ ነበር፣ በ2009 ወደ 10 ሚሊዮን ወረደ። ቶዮታም እኮ በዛው ሰሞን ከ1950 ወዲህ አይቶት የማያውቀውን ኪሳራ አየ፣ እሱንም ማህበር ነው ያከሰረው? ጓደኛህን ጠይቅልኝ።

አንዲት ነገር ግን ለሱ ልስጠው። ጆብስ ባንክ የሚሉት ነገር ነበራቸው፣ ስራ የታጠፈበት ሰራተኛ ሳይሰራ አብዛኛውን ደመወዙን እየበላ የሚቆይበት። ይሄን እኔ ራሴ ሳነብ ተናድጃለሁ፣ ማህበሩም በመጨረሻ አፍሮ ነው መሰለኝ ትቶታል።

ወደ መንግስት እንምጣ። የሶስቱ ካምፓኒዎች፣ የጂኤም የፎርድና የክራይስለር፣ አለቆች በኖቬምበር 2008 ዋሽንግተን 25 ቢሊዮን ዶላር ሊለምኑ ሲሄዱ እያንዳንዳቸው በግል ጄት ነበር የሄዱት፣ ለልመና በሰጋር በቅሎ እንደመሄድ ማለት ነው፣ ተሳቀባቸው፣ ሁለተኛው ጊዜ ከዲትሮይት መኪና እየነዱ መጡ። ሴኔት ውስጥ የ14 ቢሊዮኑ ብድር የወደቀው ታዲያ በዚችው በደመወዝ ነው፣ የደቡብ ሴናተሮች፣ ማለት እነ ኒሳንና መርሰዲስ ፋብሪካ የተከሉባቸው የነ ቴነሲ የነ አላባማ ሰዎች፣ የማህበሩ ደመወዝ በ2009 ከጃፓኖቹ እኩል ይሁን አሉ፣ ማህበሩ ውላችን እስከ 2011 ነው አለ፣ ፈረሰ። ከዛ ፕሬዝዳንቱ ቡሽ ለባንኮች ከተፈቀደው 700 ቢሊዮን ላይ 17.4 ቢሊዮን ቆንጥሮ ለጂኤምና ለክራይስለር ሰጠ። ያ 700 ቢሊዮን ሲፈቀድ ግን የባንክ ገንዘብ ያዥ በሰዓት ስንት ያገኛል ብሎ ያፋጠጠ ሴናተር እኔ አልሰማሁም።

አሁን ደሞ ያንተ ተራ። እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተመልሷል ያልከውን ከየት አመጣኸው? ለመኪናው ዘርፍ በጠቅላላ 80 ቢሊዮን ገደማ ወጣ፣ ሂሳቡ በ2014 ሲዘጋ ወደ 9 ቢሊዮን ጎደለ። ለጂኤም ብቻ 49.5 ወጥቶ የተመለሰው 39 ነው። ምናልባት የሰማኸው የድሮውን የክራይስለርን ይሆናል፣ በ1979 መንግስት ለ1.5 ቢሊዮን ብድር ዋስ ሆኖለት በ1983 ቀኑ ሳይደርስ ከፍሎ ጨርሷል፣ መንግስትም አትርፎበታል። እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

"መውደቅ ነበረባቸው" ለሚለው፣ ወድቀዋል እኮ! ክራይስለር ኤፕሪል 30 ቀን ጂኤም ጁን 1 ቀን 2009 ፍርድ ቤት ገብተው ኪሳራ አውጀዋል። የጂኤም አለቃ የነበረው ዋጎነር ከዛ በፊት በነኦባማ ጥያቄ ወንበሩን ለቋል፣ የድሮው ባለአክሲዮን ባዶ እጁን ቀርቷል፣ ፖንቲያክ ሳተርን ሀመር የሚባሉት ስሞች ተዘግተዋል፣ መንግስት የአዲሱን ጂኤም 61 ከመቶ የሚሆነውን ይዞ ባለቤት ሆነ። የዳነው ፋብሪካውና ስራው ነው። ህዳር ላይ በውርጭ ጠዋት አሮጌ ሚኒባስ ገፍተህ ታውቃለህ አይደል፣ ስድስት ሆነን እየገፋን ሹፌሩ ሁለተኛ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ግር ብላ ትነሳለች፣ ጥቁር ጭሷን ፊታችን ላይ ለቃብን ሹፌሩ ዘወር ብሎ ሳያየን ትሄዳለች። እኛ ታዲያ ባንገፋት ኖሮ መንገዱን ዘግታ ኋላዋ ያለው መኪና ሁሉ ይቆም ነበር። 9 ቢሊዮኗ ለኔ ያቺ ጭስ ናት፣ ጓደኛህ ጭሱን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ፍርድ፦ ስጋውን እሱ ይክፈል፣ አንተ ስለ ሳንቲሟ ስለዋሸህ ቢራው ባንተ ነው።

ጥያቄ፦ ከአለም ከተማ ነኝ፣ አሁን ደብረ ብርሃን ተቀጥሬ እሰራለሁ፣ የፋብሪካውን ስም ግን እንዳይጠቅሱብኝ። እኔና አብራኝ የምትቆመው ልጅ አንድ ማሽን ላይ ነን፣ ስራችን አንድ፣ ደመወዛችን ግን ሁለት፣ እሷ ቀድማ ስለገባች ብቻ። ወንድሜ አሜሪካም እንዲህ ነው ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነት ነው፣ እንዲያውም ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። በ2007 ማህበሩና ካምፓኒዎቹ ሲስማሙ አዲስ የሚገባ ሰራተኛ በ14 ዶላር ገደማ ይጀምር ተባለ፣ አጠገቡ የቆመው የድሮው 28 ይበላል፣ ያው ብሎን ያው በር። የጡረተኞቹ ህክምናም በዛው ውል ከካምፓኒው ወጥቶ ማህበሩ ወዳቆመው ትረስት (ለብቻው የተቀመጠ የአደራ ገንዘብ) ዞረ። በ2009 ኪሳራው ሲመጣ ከኑሮ ውድነት ጋር የምትጨመረዋ ብር ቆመች። የሽማግሌዎቹን እዳ የከፈለው ማነው ብትዪኝ ገና ያልተቀጠረው ልጅ ነው፣ ውሉ ሲፈረም እዛ አልነበረማ፣ ማን ይከራከርለት።

ለመመለስ 16 ዓመት ፈጀ። በሴፕቴምበር 2023 በሾን ፌይን የሚመራው ማህበር ሶስቱም ካምፓኒ ላይ በአንድ ጊዜ የስራ ማቆም አድማ መታ፣ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው፣ ባይደን እንኳ ሚሺጋን ድረስ ሄዶ ከሰልፈኛው ጋር ቆሟል። ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጅቶ በአራት ዓመት ተኩል 25 ከመቶ ጭማሪ አገኙ፣ የቆመችዋ የኑሮ ውድነት ብር ተመለሰች፣ ከፍተኛው ደመወዝ በሰዓት ከ40 ዶላር እንዲያልፍ ሆነ፣ አዲስ የሚገባው ደሞ እዛ ለመድረስ ስምንት ዓመት ይጠብቅ የነበረው ሶስት ዓመት ተባለለት።

ወዳንቺ ስመለስ፣ ጓደኛሽ ላይ አትቆጪ፣ እሷ ብሩን አልወሰደችብሽም። መጀመሪያ የኅብረት ስምምነት አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ካለ ቅጂውን አንብቢው፣ የደመወዝ ስኬሉና እርከኑ እዛ ላይ ሊኖር ይችላል። ማህበር ከሌለ በ2011 የወጣው የሰራተኛ አዋጅ (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) 10 ሰራተኛ ካላችሁ ማህበር መመስረት ትችላላችሁ ይላል። ብቻሽን አለቃ ቢሮ አትግቢ፣ እሱን እለምንሻለሁ።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት። ፎርድ ብር አልወሰደም ይባላል፣ ታዲያ እሱ እንዴት ዳነ?

መልስ፦ አጭር ነው። ፎርድ በ2006፣ ባንኮች ገና ሲያበድሩ፣ ያለውን ሁሉ አስይዞ ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበደረ፣ ያቺን ሰማያዊ ሞላላ አርማውን ጭምር ነው ያስያዘው። ችግሩ ሲመጣ ብር እጁ ላይ ነበር። ንጹህ ነው ግን አይባልም፣ በ2009 ለነዳጅ ቆጣቢ መኪና ተብሎ ከመንግስት 5.9 ቢሊዮን ብድር ወስዷል፣ ይሄ ከማዳኛው ብር ጋር አይቆጠርም። አለቃው ሙላሊም ለራሱ ሳይወስድ ምክር ቤት ቀርቦ ለጂኤምና ለክራይስለር ስጧቸው ብሎ ተናግሯል። ለተፎካካሪው የሚማልድ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰውዬው ግን ቅዱስ ሆኖ አይደለም፣ ኩሽኔታውንም ፍሬኑንም መቀመጫውንም ለሶስቱም የሚያቀርቡላቸው ያው መለዋወጫ ሰሪዎች ናቸው፣ ጂኤም ሳይከፍላቸው ከተዘጋ እነሱ ይዘጋሉ፣ እነሱ ከተዘጉ ፎርድ መኪናውን በምን ይገጥመዋል።