ከሜታሊካ መድረክ ጀርባ ለመሥራት፦ ከጊታሩ ጀምር

ጥያቄ፦ በቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሮኒክስ ደረጃ 4 ጨርሻለሁ፤ ጊታርም እሞክራለሁ። እንደ ሜታሊካ ካለ አንጋፋ የሄቪ ሜታል ባንድ ጋር ከመድረክ ጀርባ መሥራት እፈልጋለሁ። እነዚያ ሰዎች ምን ይሠራሉ? እኔስ ከየት ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ መጀመሪያ በላክህልን ሲቪ ላይ «የተገኘውን ሥራ ሁሉ እሠራለሁ» የምትለውን መስመር ሰርዛት። ከመድረክ ጀርባ እንዲህ ያለ ሰው የሚፈለገው ዕቃ ለመጫንና ለማውረድ ነው። የቀረው ሥራ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ጊታሩን የሚይዘው ከበሮውን አይነካም፣ መብራት የሚሰቅለው ሚክሰር ላይ አይቀመጥም። አንተ በተማርከው የምትቀርበው ለጊታር ቴክኒሻንነት ስለሆነ እሱ ላይ እንድትጸና እንመክርሃለን።

ሥራው ምን ያህል ዕውቀት እንደሚጠይቅ ከባንዱ ታሪክ ማየት ይቻላል (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1986 ዘፋኙና ሪትም ጊታሪስቱ ጄምስ ሄትፊልድ ከስኬትቦርድ ወድቆ እጁ ሲሰበር፣ እሱ እየዘፈነ ጊታሩን የተጫወተለት የባንዱ የጊታር ቴክኒሻን ጆን ማርሻል ነበር። በ2004 ደግሞ እንግሊዝ ዶኒንግተን ላይ ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክ ታሞ ሲቀር፣ ከሌሎች ባንዶች ከመጡ ሁለት ታዋቂ ከበሮ መቺዎች ጋር ተፈራርቆ የመታው የራሱ ቴክኒሻን ፍሌሚንግ ላርሰን ነው። ይህን «በጓሮ በር ወደ መድረክ መውጫ» አድርገህ እንዳታየው። ቴክኒሻኑ ዘፈኖቹን የሚያውቀው ቀጣዩን ጊታር ቃኝቶ በሰዓቱ ለማቀበል ነው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ከዚህ ይልቅ በደንብ ልታጠናው የሚገባህ ኦገስት 8 ቀን 1992 ሞንትሪያል ኦሊምፒክ ስታዲየም የደረሰውን አደጋ ነው። ለመድረኩ እሳት አዲስ መተኮሻዎች ተጨምረው ነበር። ሄትፊልድ ስለ አዲሶቹ ተነግሮታል፤ የድሮዎቹ እዚያው እንዳሉ ግን አልተረዳም። ከአዲሶቹ ሲሸሽ የድሮው ላይ ቆመ፣ ወደ 12 ጫማ የሚደርሰው ነበልባልም ክንዱን ክፉኛ አቃጠለው። ጉዞው ከ17 ቀን በኋላ ሲቀጥል ጊታሩን ለመያዝ እንደገና የተጠራው ማርሻል ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የጎደለው መልእክት ነበር። ስለዚህ በማንኛውም መድረክ ላይ አንድ ነገር ስትቀይር ምን እንደጨመርክ ብቻ ሳይሆን ምን ባለበት እንደቀረም ጻፍና ከሳውንድ ቼክ (ከትዕይንቱ በፊት ከሚደረገው የድምፅ ሙከራ) በፊት ለሚመለከተው አንብብለት፤ ከቻልክም ቦታው ድረስ ወስደህ አሳየው።

ወደ ጠረጴዛው ሥራ እንምጣ። የሄትፊልድ ጊታሮች ላይ ያሉት ኢኤምጂ የተባሉ ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት) በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ ናቸው። ባትሪው መሥራት የሚጀምረው ኬብሉ ሲሰካ ስለሆነ፣ ተሰክቶ ያደረ ጊታር ባትሪውን በከንቱ ይጨርሳል። ሲደክም ድምፁ ይሳሳል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ጀማሪ ታዲያ አምፕሊፋየሩን መፍታት ይጀምራል። በመልቲሜትር ለካው፤ ከ8 ቮልት በታች ካነበበ ለትዕይንት አትመነው።

ባንዱ መድረክ ላይ በአብዛኛው የሚቃኘው ከመደበኛው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ነው፤ ወፍራሙ ክር ከ82.4 ወደ 77.8 ኸርትዝ ይወርዳል። ክር ሲላላ ፍሬቱ (አንገቱ ላይ የተጋደመው ቀጭን ብረት) ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ወፈር ያለ ክር ይታሰራል፤ የክሩ ውጥረት ሲቀየር ደግሞ የጊታሩ አንገት ቅስት ይቀየራል። መጀመሪያ አንገቱን፣ ቀጥሎ የክሩን ከፍታ፣ በመጨረሻ የ12ኛውን ፍሬት ልክ አስተካክል። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥክ ሥራውን ሁለት ጊዜ ትሠራዋለህ። 12ኛው ላይ ተጭነህ ስትመታው ከሃርሞኒኩ (እዚያው ላይ ክሩን ሳትጫን ነካ ብቻ አድርገህ ከምታወጣው ድምፅ) ከፍ ካለ፣ ክሩ የሚያርፍበትን ብረት ከአንገቱ አርቀው፤ ዝቅ ካለ አቅርበው። አዲስ ክር በእጅህ ሳብ ሳብ እያደረግክ፣ ቅኝቱ መውረዱን እስኪያቆም ደጋግመህ ቃኘው። ክሩ መቃኛ ቁልፉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ቢጠመጠም ይበቃል። ስትቃኝ «ጢን» የሚል ድምፅ ከሰማህ ክሩ አንገቱ ጫፍ ያለው ስንጥቅ ውስጥ እየተያዘ ነው፤ ስንጥቁን የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ቀባው።

የመብራት ነገር ለብቻው ይነገር። ጊታሩ ሲያጉረመርም የሶኬቱን የግራውንድ እግር የሚቆርጡ አሉ፤ ይህ ሰው ይገድላል። አምፕሊፋየሩንና ሚክሰሩን ከአንድ ማከፋፈያ አውጣ፤ ካልጠፋ ዲአይ ቦክሱ (የጊታሩን ድምፅ ወደ ሚክሰሩ የሚያስተላልፈው ትንሽ ሳጥን) ላይ ያለውን የግራውንድ መቁረጫ ሞክር። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከመሰካትህ በፊት ደግሞ ጀርባውን አንብብ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ትራንስፎርመሩን ያነደዋል።

ቤተሰብህ ቴክኒክና ሙያን ዝቅ አድርጎ እንደሚያይ ጽፈሃል። ሜታሊካ በ2017 ያቋቋመው በጎ አድራጎት ድርጅት በ2019 ለ10 የአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለሙያ ሥልጠና 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሰጠ ንገራቸው። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ኮሌጃችሁ «ሜታሊካ ስኮላርስ» ውስጥ እንዳለ ጠይቁ።

ትልልቅ ባንዶች ቴክኒሻን የሚይዙት በአብዛኛው በትውውቅ ነው፤ የውጭ የሥራ ፈቃድም አለበት፣ ስለዚህ መጀመሪያ እዚሁ ስም አውጣ። ሞንታርቦና መሣሪያ የሚያከራዩ ድርጅቶች ጋር ሂድና የተበላሹ ኬብሎቻቸውን ልጠግን በላቸው፤ በየቤቱ ክምር አለ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መልቲሜትር፣ መቃኛ፣ ሁለት ትርፍ ባትሪና ናስትሮ ይዘህ ሂድ። ኤሌክትሪክ ክራር ከመጣልህም አትለፈው፤ ከውስጡ የሚበጠሰው ሽቦ ያው ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሲጽፉልህ «በትጋት ሠርቷል» ብቻ እንዳይሆን፤ ስንት ጊታር እንደያዝክ፣ ምን እንደጠገንክ ይግባበት። ጥር ላይ ሰርጉ ሲበዛ ሰው ያጥራቸዋል፣ ያን ጊዜ ግን የሚያስተምርህ አታገኝም፤ ኅዳር ላይ፣ ከሳምንቱ መሐል፣ ከሰዓት በኋላ ሂድ።