በአንድ ቆጣሪ አራት ተከራይ ሲሆን የመብራት ሂሳብ ለምን ይወደዳል?

ለጠየቅከው፦ ዋጋው በእርከን ስለሚያድግ ነው። ለስሌት ያህል የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት 1 ብር፣ ከዚያ በላይ ያለው 3 ብር ነው እንበል። እያንዳንዱ ተከራይ በወር 40 ቢጠቀም፣ የየራሱ ቆጣሪ ቢኖረው 40 ብር ይከፍል ነበር። በጋራ ግን 160 ይሆናል፦ 50 ብር ሲደመር 330፣ በነፍስ ወከፍ 95 ብር። ለድሃ የታሰበው ድጎማ፣ ማለትም የመጀመሪያው እርከን ርካሽ ዋጋ፣ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው።

አከራዩ በየክፍሉ የሚያስገባት ትንሿ ቆጣሪ ክፍፍሉን ብታስተካክል እንጂ እርከኑን አታወርድም። ምጣድ ካለማ፣ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በሁለት ሰዓት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ወደ ውዱ እርከን ቶሎ ያስገባል።

ስለ ቤተሰቦች ኑሮ ለምታደርገው ጥናት ደግሞ በመብራት ቢል መረጃ ብቻ አትመን፤ መጠይቁ ላይ «በዚህ ቆጣሪ ስንት ቤተሰብ ይጠቀማል?» የሚል ካልጨመርክ፣ ተደራርቦ የሚኖረው ድሃ ሀብታም መስሎ ይመዘገብልሃል።