ጅማ ላይ ከአስፋልት ወጥቶ መሮጥ፦ ከድሬዳዋ ለመጣችው እህታችን ጥያቄ

እህታችን በሥራ ከድሬዳዋ ወደ ጅማ እንደተዛወረች፣ እዚያ ሳለች በአስፋልት 5 ኪሎሜትር ያህል ትሮጥ እንደነበር፣ እዚህ ግን ዙሪያውን ተራራና ጫካ ስታይ ከአስፋልት መውጣት እንዳማራት ጽፋለች። ጥያቄዋ ሦስት ነው፦ የት ልሩጥ፣ ጭቃውን እንዴት ልቻለው፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበትን ኮረብታ፣ ጅሬንን፣ በሩጫ መውጣትስ? እስካሁን የተሰጠው መልስ ባብዛኛው «ጅሬን ውጪ፣ ምን ትጠብቂያለሽ» የሚል ነው። ጅሬን ጥሩ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን አይደለም። ለምን እንደሆነ ዘርዘር ላድርገው።

እንኳን ደህና መጣሽ። ጅማ ላይ መንገድ የሚመረጠው በኪሎሜትር ሳይሆን በአፈሩና በወሩ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደህና ይደርቃል፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ድንገት መጥቶ የሚሄድ ዝናብ አለ። ተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ሸክላ የበዛበት ስለሆነ ሲደርቅ ከአስፋልት የለዘበ፣ በጣም ጥሩ መሮጫ ነው። ካፊያ ሲነካው ግን የላይኛው አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ይርሳል፣ ከሥሩ ያለው ጠንክሮ ይቀራል። የሚጥለው ይህ ስስ ሽፋን ነው። ለዚህ ነው ሌሊቱን ዶፍ ከወረደበት መንገድ ይልቅ ትንሽ ካፊያ ያለፈበት መንገድ ብዙ ሰው የሚያንሸራትተው።

መፈተኛው ቀላል ነው። መንገዱ አፍ ላይ ስትደርሺ ቆም በዪና በተረከዝሽ ጫን አድርገሽ አንሺ። አሻራው ጠርዙ ላይ ፍርክስ ካለ ሂጂ። የተጫነው ቦታ ለስልሶ የሚያብረቀርቅ ከሆነና አፈሩ ጫማሽ ሥር ተለጥፎ ከመጣ ግን የዚያን ቀን ጠጠር መንገድ ወይም ኮብል ላይ ሩጪ። የሚለጠፈው ጭቃ መክበዱ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ የጫማውን ጥርስ ይደፍነዋል፣ ጥርሱ ከተደፈነ ደግሞ የመንገድ ጫማ ከማድረግ አይለይም። ፀሐይ የሚያገኘው ገላጣ ተዳፋት ጠዋት ረጥቦ እኩለ ቀን ላይ ሊደርቅ ይችላል። ባሕር ዛፍ ወይም የቡና ጥላ ሥር ያለው ግን ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። የመንገዱ ዳር ሣር ካለው ከመሃሉ ይሻላል፤ ብቻ በክረምት ሣሩ የውሃ መውረጃ ቦይ ስለሚሸፍን ቀስ ማለት ነው።

አሁን ወደ መንገዶቹ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ሜዳ ላይ አሳልፊ። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ነው ያለችው፣ ጅማ 1,750 ገደማ። ልዩነቱ የሚያስፈራ ባይሆንም የለመድሽው ፍጥነት የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለት ሳምንት ትንፋሽ ያሳጥርብሻል። ስለዚህ ሰዓት አትያዢ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጪ መናገር በምትችይበት ፍጥነት ብቻ ሩጪ። ለዚህ ወደ ቦዬ ረግረግ በኩል፣ በአዲስ አበባ መውጫ አቅጣጫ ያለው ሜዳ ይመቻል። በደረቅ ወራት ብቻ ነው ታዲያ። ረግረጉ ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር ከቀዩ የባሰ ነው፣ ጫማ ያስወልቃል። ከዚያ ውጭ ቦዬ ላይ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣና ሲነጋጋ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ አደገኛ የሚሆነውም ሰው በእሱና በውሃው መሃል ሲገባ ነው። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ከውሃው ዳር ራቂ፤ ምሽት ላይ ትንኙም አይጣል ነው። ፀሐይ ወጥታ ከሆነ ከመንገዱ ሳትርቂ ወፍ እያየሽ መሮጥ ትችያለሽ። በክረምት ቦዬን ተይውና የዩኒቨርሲቲው ግቢና ስታዲየሙ አካባቢ ሩጪ፤ በር ላይ ጥበቃዎቹን አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል።

ወደ ሰቃ የሚወስደው አስፋልት ሌላው አማራጭ ነው። ሰቃ 20 ኪሎሜትር ያህል ስለምትርቅ የፈለግሽው ላይ ትመለሻለሽ፤ ወጣ ገባ እያለ ለዳገት ያለማምዳል። መኪና በቀኝ ስለሚነዳ አንቺ በግራ ጠርዝ፣ ፊት ለፊት መኪናውን እያየሽ ሩጪ። በቡና ሰሞን አይሱዙ ይበዛል፣ ሹፌሩ ሁሉ አይጠነቀቅልሽም፤ ጆሮ ላይ ሙዚቃ ቢቀር ይሻላል።

ጅሬን። ከመሃል ከተማ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደ 7 ኪሎሜትር ነው፣ ከፍታው ከ200 ሜትር በላይ ይጨምራል። መንገዱ መኪና የሚወጣበት ስለሆነ መጥፋት የለም። ዳገቱ ላይ መሮጥ ግዴታ አይደለም፤ ትንፋሽሽ ከንግግር ካለፈ በእግር ውጪ፣ ሲረጋጋ እንደገና ሩጪ። አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ጥሩ መጀመሪያ ነው። እርምጃሽን አሳጥሪ፤ ከወገብሽ አትጉበጪ፣ ጎንበስ ማለቱ ከቁርጭምጭሚት ይጀምር። ዓይንሽን አምስት ስድስት ሜትር ፊት ለፊት ጣዪ፤ ጫፉን እያዩ መውጣት ሰው ያሰለቻል።

ጉልበት የሚያበላሸው ግን መውጣቱ አይደለም፣ መውረዱ ነው። ቁልቁለት ላይ የጭኑ የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ባለበት ሰዓት ነው ክብደትሽን የሚይዘው፤ ያልለመደው ጡንቻ በዚህ ይጎዳል። ሕመሙ የዚያኑ ቀን አይመጣም፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ሲያቅት ነው የሚታወቀው። ብዙ ሰው በማግሥቱ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ እንደገና ይወጣል፣ የደከመ ጭን ደግሞ የእርምጃውን ምት ለጉልበት ያሳልፈዋል። ጡንቻው አንዴ በልክ ከቀመሰው ግን ለሳምንታት አይረሳውም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጉዞዎች ሮጠሽ ውጪና በእግርሽ ውረጂ። ከደከመሽ በባጃጅ ውረጂ፤ ማንም አይስቅብሽም፣ ቢስቅም ጉልበቱ ያንቺ ነው። ከዚያ በኋላ ከታች ያለውን የመጨረሻውን አንድ ኪሎሜትር ብቻ በሩጫ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት እያልሽ ጨምሪ። ስትወርጂ በተረከዝ ፍሬን አትያዢ። እግርሽ ከፊትሽ ርቆ ሳይሆን ከሥርሽ ይረፍ፣ እርምጃው አጭርና ፈጣን ይሁን፣ በደቂቃ 170 አካባቢ። ጉልበትሽን ትንሽ አጠፍ አድርጊ፣ ክንድሽን ለሚዛን ፈታ አድርጊ።

ሐሙስ ጠዋት ግን ጅሬን አትምረጪ። የገበያ ቀን ነው፤ ጭነት የያዘ አህያና ሸክም ያለባቸው እናቶች ወደ ከተማ ይወርዳሉ፣ በእነሱ መሃል እየተሹለከለኩ መሮጥ ለማንም አይመችም፣ ነውርም ነው።

ጫማ ለመጀመሪያው ወር አዲስ መግዛት አያስፈልግም። የምትገዢ ከሆነ ከሰልባጅ ጥሩ ጥሩ ነገር ይገኛል፣ ማየት ለሚያውቅ። የሥሩ ጥርስ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ቢሆን ለቀይ አፈር ይበቃል፣ የተራራቀ ጥርስ ጭቃ ቶሎ ያራግፋል። በአውራ ጣትሽ የሶሉን ጎን ተጫኚው፤ እንደ እንጨት ከደረቀ ቢያምርም ተዪው፣ ስፖንጁ ሞቷል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከኋላ እዪው፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ ቀርቶበታል። ጫፉን አጥፈሽ ማስቲሹ የተላቀቀበት ቦታ ካለ እዪ። ለክተሽ ስትቆሚ ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር፤ ያ ቦታ ከሌለ ቁልቁለት ላይ ጥፍርሽ ይጠቁራል። የምትለኪው ወደ ማታ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ ነው። ሲረጥብ ውስጡን አውጥተሽ ጋዜጣ ጠቅጥቂበት፤ ከሰል አጠገብ ማድረቅ ማስቲሹን ይለቀዋል።

አለባበስ ላይ ረጅም ታይትና ሰፋ ያለ ቲሸርት ገጠር መንገድ ላይ ይመቻል፤ እግርንም ከሳማ ያድናል። ሳማ ከነካሽ አትሺው፣ በውሃ አጥቢው። በክረምት ጉንዳን ሰልፍ ሠርቶ መንገድ ሲያቋርጥ ታያለሽ፤ መዝለል ነው እንጂ አጠገቡ ቆሞ እግር ማፍታታት የለም።

ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ እንደየወሩ ከ12:15 እስከ 12:50 ባለው ትወጣለች። ከዚያ በፊት ጅሬንም ሆነ ገጠር መንገድ ላይ ብቻሽን አትውጪ። ጅብ አለ፣ ሌሊቱን የተለቀቀ ውሻም አለ። ውሻ ሲመጣ አትሩጪ፣ ሩጫ ያባብሰዋል። ቁሚ፣ ፊትሽን ሳታዞሪ ቀስ እያልሽ ራቂ፣ ካልሆነ ድንጋይ እንደምታነሺ ጎንበስ በዪ፤ አብዛኛው ይሄን ያውቃል። ከነከሰሽ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥበሽ የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ሂጂ። ትንሽ ጭረት ነው ብሎ ማሳደር የለም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ተጨማሪ ጫካ ለምትመኝ ሰው «በለጠ» የሚባለው ደን አለ፣ በቦንጋ መንገድ ከሰቃ አልፎ ሸቤ ሳይደርሱ። ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡና፣ ላዩ ላይ ጉሬዛ። ሦስት ወር ካልሮጥሽ አትሂጂ፣ ብቻሽንም አትሂጂ። ስልክ አንዳንድ ቦታ አይሠራም፣ ዛፍ ሥር የስልኩ የርቀት ልኬትም ይዛባል። በደቂቃ ሂሳብ ያዢ፦ 40 ደቂቃ ከገባሽ ለመመለሻ 40 ሳይሆን 50 አስቢ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ነው፤ ከእግር መንገዱ ወጥቶ በቡና ዛፍ መሃል መሮጥ ጠባቂ ያስነሳል፣ ልክም ነው። ሰው ስታገኚ ሩጫሽን አቁመሽ «አካም ቡልተን» በዪ፣ ቀጥሎ «ካራን ኩን ኤሰ ጌሰ?» ብለሽ መንገዱ የት እንደሚያደርስ ጠይቂ። ሁለቱ ቃላት ብቻ ብዙ በር ይከፍታሉ፣ አንዳንዴ የሚሸኝ ልጅም ይሰጡሻል። ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ሁለት ሙዝ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ስልክና የባጃጅ ብር ይበቃል። ከአስፋልቱ ሳትርቂ የምትወጪበትን ቦታ ከሚወስድሽ መኪና ሾፌር ጋር ጠዋቱኑ ተነጋገሪ፤ ከሰዓት በኋላ የሚያልፉት ሚኒባሶች ሞልተው ስለሚመጡ ቆሞ መጠበቅ ይረዝማል፣ ላብሽ ደርቆ ይበርድሻል፣ ደረቅ ሹራብ ቦርሳ ውስጥ አትርሺ።